አሥረኛው ቃል

ባህረዲን ዱባይ ተራ ገበያ ውስጥ ጫማ ይሸጣል። ሚስቱ ራዲያ ካረፈች አምስት ዓመት ሆኗታል፤ ያኔ ልጃቸው ሀስና ገና ሁለት ዓመቷ ስለነበር እናቷን አታስታውሳትም። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታ መጽሐፏን ስታነበንብ ሲሰማ፣ ደስታውን ለጎረቤት ሱቆች ሁሉ አውርቶ ነበር።

እሱን ራሱን ፊደል ያስቆጠሩት እትዬ ወርቅዬ ግን ሀስናን አስነብበው ካዩ በኋላ አስጠሩት።

«ልጅህ ሸምድዳ ነው እንጂ አታነብም» አሉት። «ሥዕሉን አይታ ‹በግ› ትላለች፤ ሥዕሉን ስሸፍንባት ይጠፋታል። በየቀኑ አሥር ቃል ጻፍላት። ትርጉም የሌለው፣ አንተው የፈጠርከው ይሁን። የማታውቀውን ቃል በግምት አታልፈውም፤ የግዷን ፊደሉን ታያለች።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሀስና ከትምህርት ቤት ወደ ሱቁ ስትመጣ በጫማ ካርቶን ክዳን ላይ የተጻፉ ቃላት ይጠብቋታል። ለቡጋ። ሚሶጤ። ዘፍኩና። አንዳንዱ በሳቅ ይጥላታል። ወር ሳይሞላ ጣቷ ፊደል መዝለሉን ተወ።

አንድ ሐሙስ ገበያው ደርቶ ባህረዲን ዘጠኙን ጻፈና አሥረኛው ጠፋው። አንዱ ደንበኛ አርባ ቁጥር አምጣ ይለዋል፤ እሱም እጁ ላይ የመጣለትን ጫር አድርጎ ሄደ።

«ጡ… ሚ… ሌ» አለች ሀስና ከካርቶኖቹ መሃል ተቀምጣ። ከዚያ ገጣጠመችው። «ጡሚሌ።»

ባህረዲን ጫማውን እንደያዘ ቀረ። ራዲያ ልጇን ስታጥብ፣ ስታጎርስ፣ ስታስተኛ የምትጠራበት ስም ነበር። ከየት እንዳመጣችው ራሷ ራዲያም አታውቅም ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ቤት ውስጥ ማንም አንስቶት አያውቅም፤ እሱም የረሳው መስሎት ነበር።

«አሥር ካሥር» አለች ሀስና። «ይቺም ትርጉም የላትም አይደል፣ አባ?»

የላትም ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል።

«አላት» አለ።

«ምን ማለት ናት?»

«አንቺ ማለት ናት። እናትሽ ነበረች እንደዚያ የምትልሽ።»

ሀስና ክዳኑን አንስታ ቃሉን ትክ ብላ አየችው። «እንዴት አድርጋ ነበር የምትለኝ?»

ሊያሰማት ሞከረ። ራዲያ ስትለው መጨረሻው ላይ ሳብ ይል ነበር። ከእሱ የወጣው ግን ቀኑን ሙሉ ዋጋ ሲጠራ የዋለ ሻካራ ድምፅ ነው። ደገመው፤ ያው ሆነ።

«አልቻልኩበትም» አለ።

«ቆይ፣ እኔ ልሞክር።»

ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ አንዴ ቶሎ፣ አንዴ ቀስ ብላ፣ አንዴ ጎተት አድርጋ አነበበችው። በየመሃሉ ቀና ብላ «እንዲህ ነው?» ትለዋለች። እሱም ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ «ትንሽ ቀረሽ» ይላታል፤ «ትንሽ ነው የቀረሽ።»