ሁለት ቃለ አጋኖ

እህቴ የቀዳችው የሌሊት ወፎች ድምፅ ጠፋ። ሁሉም አይደለም፤ ለዶክትሬቷ ገና ልትተነትነው የነበረው የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ቅጂ ነው የጠፋው። ተመልሳ ሄዳ አትቀዳውም፤ የቀዳችበት ዋሻ ዛሬ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ሆኗል።

ፋይሎቹን ከአሮጌው ዲስክ ወደ አዲሱ የሚያዛውር አጭር ስክሪፕት ጽፌላት ነበር። ስክሪፕት ተራ ጽሑፍ ነው፤ ኮምፒውተሩ እንዳለ እያነበበ የታዘዘውን ይፈጽማል። የእኔው መጀመሪያ ይገለብጣል፣ ቀጥሎ ከአሮጌው ይሰርዛል። የመሰረዣው መስመር ፊት ግን የ# ምልክትና አንድ ክፍት ቦታ አስገብቼ አልፎት እንዲሄድ አድርጌዋለሁ። ሁሉም መገልበጡን በዓይኔ ሳላይ ምንም እንዲሰረዝ አልፈለግኩም።

አስነስቼው እጄን ልታጠብ ወጣሁ። ስመለስ እህቴ ወንበሬ ላይ ተቀምጣለች።

«ምን ነካካሽ እትዬ?»

«ምንም። ስክሪፕትሽ ‹ታገሺ!!› ይለኛል። ማን ላይ ነው የሚጮኸው? ከፍቼ ሁለቱን ቃለ አጋኖ አጠፋሁለትና ሴቭ አደረግኩት።»

«እየሠራ እያለ?»

«ተራ ጽሑፍ ነው አላልሽኝም እንዴ?»

ብያታለሁ። ያላልኳት፣ ኮምፒውተሩ ጽሑፉን በአንዴ አንብቦ እንደማይጨርስ ነው። አንዱን ትእዛዝ ሲፈጽም፣ ስንተኛው ፊደል ላይ እንደቆመ ቆጥሮ ከዚያ ይቀጥላል። ከላይ ሁለት ምልክት ሲጎድል የታችኛው ጽሑፍ ሁለት ቦታ ወደ ላይ ተሳበ። እሱ በያዘው ቁጥር ሲመለስ #ንና ክፍት ቦታውን ዘሎ መሰረዣው ላይ ያርፋል።

ተንጠራርቼ ስክሪኑን አየሁ። አዲሱ ዲስክ ሞልቶ መገልበጡ መሀል ላይ ተቋርጧል። ከሥሩ የተሰረዙት ፋይሎች ስም ይግተለተላል።

«አስቁሚው እንጂ።»

«አስቆምኩት።»

«እና?»

«ከጨረሰ በኋላ ነው የደረስኩበት።»

የጠፋ ፋይል ይፈልጋል የተባለውን ፕሮግራም ሁሉ ሞከርኩ። ዲስኩ የተሰረዘውን ወዲያው ከሚያጸዱት ዓይነት ነው። እህቴ ከኋላዬ ቆማ ትንፋሿ አንገቴ ላይ ይሰማኛል።

«አንቺ ሚጢ፣ ለዚህ አይደል የተማርሽው?»

«ለዚህ ነው።»

«ታዲያ አንድ ነገር አድርጊያ።»

እጄ ኪቦርዱ ላይ ነው። የምጽፈው የለኝም።

«ለአማካሪዬ ምን ብዬ ልንገረው?»

አሮጌውን ዲስክ ነቅላ በሻርፗ ጠቀለለችው።

«ወዴት ነው? ባዶ ነው እኮ።»

«የኔ ነው» አለችና ወጥታ በሩን ዘጋችው።