አንድ ዱካ የምትተው ሞተር

ዜርቦ ጠግኖ የሚሸጣቸውን ያገለገሉ ሞተሮች ሁልጊዜ በአንድ መስመር ያቆማል፤ የፊት ጎማዎቻቸው ሁሉ ወደ መንገዱ። ታላቶ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየሄደች መሪያቸውን ነካ ነካ አደረገች። መንዳት የለመደችው በዚህ ክረምት ነው፤ ያውም በጎረቤት ሞተር፣ ያውም ከሰፈር ሳትወጣ። ጨርቅ ወደምትሸጥበት ገበያ ያደርሳት የነበረው ታላቅ ወንድሟ ራስማኔ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ሸክሟን አናቷ ላይ አድርጋ በእግሯ ትሄዳለች።

«ደህና አደሩ? ይቀመጡ» አላት ዜርቦ፣ ወንበር አቅርቦ።

አልተቀመጠችም። ዜርቦ የሳሞ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ እሷ የሞሲ። በኡዋጋዱጉ ሳሞና ሞሲ ሲገናኙ ሰላምታቸው ስድብ ነው። የሚቀየም የለም፤ ነውሩ መቀየሙ ነው። አያቶቻቸውም ሲሰዳደቡ ኖረው፣ ሲሰዳደቡ ተቀባብረዋል።

«አንተ የውሻ ራስ ጋጭ! ከመቼ ወዲህ ነው ለእኔ ወንበር የምታቀርበው?»

«አንቺ አህያ በላ» ሊላት ይገባ ነበር። ዜርቦ ግን እጁን በጨርቅ ጠረገ። «የትኛዋን ላሳይዎት?»

የራስማኔ ለቅሶ ዕለትም ቤተሰቧን እንዲሁ ስድብ ነፍጓቸው ነበር። ሞሲ ሲሞት ሳሞ ይመጣና የሟቹን ባርኔጣ ደፍቶ፣ አረማመዱን እየኮረጀ፣ «ይሄ ሰነፍ የእርሻ ሥራ እንዳይጠብቀው ብሎ ነው የሞተው» እያለ ሐዘንተኛውን በግድ ያስቃል። እናታቸው ባርኔጣውን ጭናቸው ላይ ይዘው እስኪመሽ ጠበቁ። ዜርቦ በሩ ጥግ ቁጭ ብሎ ዋለና፣ ባርኔጣውን ሳይነካ ሄደ።

ታላቶ ምክንያቱን ታውቃለች፤ ነገሩ ሲጀመር እዚሁ ዜርቦ ዘንድ ነበረች። ራስማኔ ከመንገድ ማዶ ካለው ሻጭ የመረጣትን ቀይ ሞተር ሊያስፈትሽ ሲያመጣ ዜርቦ መሬቱን ውሃ አጠጣ፤ ሞተሯን ቀጥ አድርጎ ገፋና ጎንበስ ብሎ ዱካዋን አየ።

«ሁለት ዱካ ትተዋለች። የኋላው ጎማ የፊቱን አይከተልም፤ ሻንሲዋ ጠሟል። ይቺ ትገድልሃለች፣ አንተ አህያ በላ!»

«እኔ ካልሞትኩ አንተ የለቅሶ በግ ከየት ትበላለህ?» አለ ራስማኔ።

ሳቁ። ሳሞ ለሞሲ ሌላ ምን ይላል? ከሁሉም አስረዝማ የሳቀችው ታላቶ ናት። ዜርቦም አብሯቸው ሳቀ። ራስማኔ ቀይዋን ገዛ። ከዚያ አንድ ቀን፣ የግድቡ ድልድይ ላይ ፍሬን ሲይዝ፣ ሞተሯ ወደ ጎን ወሰደችው።

«ሰማያዊዋን አሳየኝ» አለችው ታላቶ አሁን፣ ከመስመሩ አንዷን እየጠቆመች።

ዜርቦ ውሃ ደፋ፤ ገፋት፤ ጎንበስ አለ። መልሶ አመጣትና እንደገና ገፋት። ከዚያ መሪውን ለታላቶ ሰጣት። «እርስዎም ገፍተው በዓይንዎ ይዩ።»

ገፋች። እርጥቡ ቀይ አፈር ላይ የኋላው ጎማ የፊቱን ዱካ እየረገጠ አልፏል።

«አንድ ነው» አለች።

«አንድ ነው። የመሪው ኩሽኔታ አልላላም። ፍሬኗን ራሴ ነኝ የቀየርኩት። ደህና ናት።»

የሐኪም ድምፅ ነበር።

«ዜርቦ፣ ስደበኝ እንጂ። እማዬ እኮ ባርኔጣውን አላጠበችውም። ላንተ ነው ያስቀመጠችው።»

ቀና ብሎ አያት። «ብሰድብሽ ደህና ናት ያልኩሽንስ ምን ብለሽ ታምኝኛለሽ? ያን ቀን ለወንድምሽ እውነቱን ነበር የነገርኩት። በቀልድ ጠቅልዬ ሰጠሁት፤ ቀልዱን ይዞ ሄደ።»

«እንግዲያው ሞተሯ ትቅርብኝ። በእግሬ እሄዳለሁ። ስደበኝ።»

ዜርቦ አፉን ከፈተ። «አንቺ የአህያ…» አለና ተወው። ዞር ብሎ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አወረደ። መዳፏ ላይ አድርጎ ጣቶቿን በእጁ ከደነላት።

«ይውሰዷት። ቀስ ብለው ይንዱ።»

ታላቶ ሞተሯን አስነስታ በእርጥቡ አፈር ላይ አለፈች። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ቆመችና ወደ ኋላ ዞረች። ዜርቦ መሬት ላይ ተንበርክኮ ዱካዋን ያያል። አንዴ ቀና ቢል፣ ከዚያ ሆኖ አንድ ስድብ ቢወረውርላት ብላ ሞተሯን ሳታጠፋ ጠበቀች። ዜርቦ በጣቱ አፈሩን እየነካ፣ ዱካዋን ተከትሎ በጉልበቱ ትንሽ ፈቀቅ አለ፤ ቀና አላለም።