የሙሴ የመስታወት ዛፍ

ዛፉ በራ! እውነተኛ ዛፍ እኮ አይደለም፣ መስታወት ነው፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ! ትናንት ማታ፣ ሐይቁ ዳር ባለው የአትክልት ቦታ፣ አምፖሎቹ ሲበሩ ሰዉ ሁሉ "ውይ!" አለ። እኔማ ጮህኩ። የሠራው ማን መሰላችሁ? ወንድሜ ሙሴ! የኔው ሙሴ!

ሙሴ መሃል ከተማ የመስኮት መስታወት ቆራጭ ነው። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ኤግዚቢሽን ዛፉን ሥራ ብሎ ያዘዘው ቀበሌው ነው፤ መስታወቱንም የሰጠው ራሱ ቀበሌው። ከየት አምጥቶ? ከጸሎት ቤታችን! አምና አሽገው መጋዘን ሲያደርጉት መስኮቶቹን ነቅለው በቆርቆሮ ደፈኑት። ስብከት ሲረዝምብኝ አፍጥጬ የማየው ያ ቀይ መስታወት አሁን አበባ ሆኖ ተንጠልጥሏል።

"ሙስዬ፣ አንተ እኮ ጉድ ነህ!"

"ጉዱን ተይውና ጣቶቼን እይልኝ፣ ተቆራርጠው አለቁ" አለኝ እየሳቀ።

እማዬ ዛፉ ፊት ቆመች። ከዛ... ወይኔ! ዓይኗን ጨፍና መዳፏን ዘረጋች። እኛ ስንጸልይ እንደዛ ነን። እነዚያ መስኮቶች ፊት ስንት ዘመን ጸልያለች፤ ሳታስበው ነው። ቀጥሎ ጎረቤታችን አቶ ደረሰ ጨፈኑ። ከዛ ጫልቱ ዳቦ ሻጯ። ማንም ማንንም ሳይጠራ! ተሰብስቦ መጸለይ ተከልክሎ የለ? እነሱ ደግሞ በድብቅ አቶ ደረሰ ቤት ነው የሚሰበሰቡት።

"እማዬ፣ ዓይንሽን ግለጪ!" ጎኗን ጎሰምኳት።

"ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?"

ምን ዋጋ አለው! የቀበሌው ካድሬ ጓድ ሸዋንግዛው ከኋላችን ቆሞ ያያል። እኔን ለብቻ ጠራኝ።

"ነይ እስቲ አንቺ፣ ታቢታ። ኤግዚቢሽን ተጨፍኖ ነው እንዴ የሚታየው?"

"መብራቱ... ዓይናቸውን ወግቷቸው ነው፣ ጓድ።"

"መዳፋቸውንም ወጋቸው?" ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ከዛ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚ። ወንድምሽ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሏል። ነገ ማታ አጠገቤ ትቆሚና የሚጨፍኑት እነማን እንደሆኑ፣ የት እንደሚሰበሰቡ ትነግሪኛለሽ። እኔ ደግሞ ሙሴን አስቀረዋለሁ።"

"እናቴስ?"

"እናትሽን አላየሁም።"

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሙሴ ዛሬ ቀኑን ሙሉ "ማታ አረንጓዴም እጨምርበታለሁ!" እያለ ሲያፏጭ ዋለ። ስለ ውትድርናው ገና አልሰማማ!

አሁን ሊመሽ ነው። እማዬ ነጠላዋን ለብሳ፣ ፊቷ በርቶ፣ "ዛሬም አብሬሽ እሄዳለሁ። አቶ ደረሰ እኮ የቀሩትንም ይዘው ይመጣሉ" አለችኝ።

ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? ያላትን አንድ ጫማ አንስቼ አልጋ ሥር፣ ግድግዳው ጥግ ድረስ ወረወርኩት።

"ታቢ፣ ጫማዬን አይተሻል?"

"አላየሁም፣ እማዬ! ዛሬ ቅሪ በቃ።"

እሷስ ቀረች። ሌሎቹስ? ሮጬ "እንዳትመጡ" ብላቸው ሙሴን ይወስዱታል። ዝም ብል ደግሞ አቶ ደረሰ ይታሰራሉ፣ ጫልቱም። ይኸው በራችን ላይ ቆሜያለሁ። በግራ በኩል የአቶ ደረሰ ቤት ነው፣ በቀኝ በኩል ወደ ጓድ ሸዋንግዛው የሚወስደው መንገድ። እናንተ ብትሆኑ ወዴት ትሄዱ ነበር?