የሚያምሽ ምንድን ነው?

ጥያቄውን ወደ አማርኛ የመለሰችው ምንትዋብ ራሷ ናት፤ ስህተቱም የእሷ ነው። መምህራቸው ዶክተር ሳሊሕ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ የሰጣቸው «ፔይን» የሚል ቃል ሰፊ ነበር። ሰው በኑሮው የሚማረርበትን፣ ዕረፍት የሚነሳውን፣ ከፍሎም ቢሆን ሊገላገለው የሚፈልገውን ነገር ሁሉ ይይዛል። እሷ ግን ከሻርጃ ወደ አጅማን በሚወስደው አውቶብስ ላይ ቸኩላ «የሚያምሽ ምንድን ነው?» ብላ ጻፈችው።

ጥናቱ ገንዘብ ወደ አገር ቤት ስለ መላክ ነበር። ፅጌረዳ አጅማን ውስጥ አልጋ በአልጋ በምታከራየው ቤት፣ ቢድ ስፔስ በሚሉት፣ አርብ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት የወጡ የቤት ሠራተኞች ተደራራቢ አልጋዎቹ ጫፍ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። የመጀመሪያዋ ሴት ጥያቄውን እንደ ሰማች «ኩላሊቴን» አለች። ሁለተኛዋ በረኪና የበላውን መዳፏን ዘርግታ አሳየች። ሦስተኛዋ ድምፅ የሚቀዳውን የትምህርት ጓደኛዋን ቢኒያምን በአገጯ እያመለከተች «እሱ ይውጣልኝና እነግርሻለሁ» አለች።

«ነርስ ናት እንዴ?» ስትል አንዷ ከላይኛው አልጋ ጠየቀች።

«ነርስ ባትሆን ስለ ኩላሊት ምን አገባት?»

«ነርሷ!» ብላ ፅጌረዳ ከማድቤት ተጣራች። «የእኔን ጉልበት ሳታዪ ብትሄጂ ዋላሂ በሩን ቆልፌ ነው የማሳድርሽ!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ቢኒያም ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ደረጃው ወጣ። ምንትዋብ ግን ወረቀቷን ይዛ እንደ ተቀመጠች ቀረች፤ ሴቶቹ አንዴ ከጀመሩ የሚያቆማቸው አልነበረም።

ምንትዋብና ቢኒያም ሻርጃ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ፈጠራ በማስተርስ ደረጃ ያጠናሉ። ቢኒያም ገና ወጣት ነው፤ ቀን ቀን ቡር ዱባይ በሚገኝ ቢሮ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይጽፋል፣ በዕረፍት ቀን ጴንጤ ወዳጆቹ በተከራዩት አዳራሽ ጊታር ይመታል። እሷ ዱባይ፣ ዴራ ሰፈር ውስጥ፣ ከኢትዮጵያ ለሚመጡ ነጋዴዎች ዕቃ በሚጭን ድርጅት ትሠራለች። ትምህርታቸው የሚያልቀው በፈተና አይደለም። ተማሪው በእውቀት ላይ የቆመ አዲስ ድርጅት ይወጥናል፣ ይሞክራል፣ በዳኞች ፊት ያቀርባል። ያሸነፈ ቡድን ዩኒቨርሲቲው ባቋቋመው የጀማሪ ድርጅቶች ማዕከል ቢሮ፣ የንግድ ፈቃድና የመኖሪያ ፈቃድ ያገኛል።

ምንትዋብ የምትፈልገው ይህን የመጨረሻውን ነበር። ወደዚህ አገር የገባችው በባሏ በሸዋንዳኝ ስም ነው። እሱ ከሞተ በኋላ ያቆያት የተማሪ ፈቃድ ከምረቃው ጋር ያበቃል። አገር ቤት ብትመለስ የምትገባው አማቷ ቤት ነው። አማቷ በቀብሩ ሰሞን ስለ ልጃቸው የመጨረሻ ቀናት አልጠየቋትም፤ አብረው ሲኖሩ ግን መጠየቃቸው አይቀርም።

ዶክተር ሳሊሕ ዮርዳኖሳዊ ነው፤ ሁለት ድርጅቶች መሥርቶ ሸጧል፤ ተማሪዎቹን ይወዳል። ምንትዋብ የተበላሸውን ቃለ መጠይቅ ተርጉማ ካነበበችለት በኋላ ይቅርታ ስትጠይቀው ከወንበሩ ተነሳ።

«ምን ይቅርታ ያስፈልጋል? እናንተ ስለ ገንዘብ ጠየቃችሁ፣ እነሱ ስለ ኩላሊት መለሱ። እነዚህ ሴቶች ለምንድን ነው ሐኪም ቤት የማይሄዱት?»

«ማዳሞቹ እንዳይሰሙ ይፈራሉ» አለች። «የታመመች ሠራተኛ ወደ ኤጀንሲው ትመለሳለች። ሐኪም ፊት ቢደርሱም የሚያማቸውን በአረብኛ መናገር አይችሉም።»

«ይኸው ድርጅታችሁ!» አለ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ። «ጥያቄውን እንዳታርሙት። ተመለሱና እንደዚሁ ጠይቁ። ግን ተጠንቀቁ፤ አትምከሩ፣ አታጽናኑ። የሚመክር ሰው የራሱን ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ዝም ሲሉባችሁ አንድ ቃል በሉ፦ ሌላስ?»

ምንትዋብ ደንቡን ወደደችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያገኛት ሁሉ ሲመክራትና ሲያጽናናት ነው የከረመው። ሳይመክሩ መጠየቅ፣ ሳይነኩ መስማት፣ ንጹሕ ሥራ መሰላት።

ሲፈንን ያገኟት በዚያው ቤት፣ በሚቀጥለው ዙር ነው። የጅማ ልጅ ናት፣ ቀልደኛ፤ ሻርጃ ውስጥ ልጅ በበዛበት ቤት ትሠራለች። ማዳሟ በየሁለት ሳምንቱ አርብ ዕረፍት ትሰጣታለች፤ ስልኳንም የምትመልስላት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እኔ እንኳ ደህና ነኝ፣ ነርሷ» አለች ስልኩ መቅዳት ሲጀምር። «ለንደን ደርሼ መጥቻለሁ እኮ! ከነማዳም ጋር። ለንደንን በማድቤት መስኮት አየኋት። የጎረቤት ድመት አለች፣ ወፍራም፣ ደመወዝ የሚከፈላት ነው የምትመስለው።»

ሴቶቹ ሳቁ።

«ሌላስ?» አለች ምንትዋብ።

«ስንመለስ አውሮፕላኑ ላይ ትንሹን ልጅ አቅፌ አንዴም ሳልነሳ ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ ይቺ እግሬ አኩርፋኛለች።» ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች። ግራ ባቷና ቀኙ የአንድ ሰው አይመስሉም፤ ያበጠው ቆዳ ያብለጨልጫል። በአውራ ጣቷ ተጭና ለቀቀችው፤ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። «እዪው፣ እንደ ሊጥ። ይሞቃልም። ደረጃ ስወጣ ደግሞ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ሳላገባ አረጀሁ መሰለኝ።»

ምንትዋብ ያንን እግር ታውቀዋለች። ሸዋንዳኝ ዱባይ፣ ሳትዋ በሚባለው ሰፈር በነበረችው ክፍላቸው፣ ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ ልክ እንዲህ ባቱን በጣቱ እየተጫነ አሳይቷት ነበር። «ትራስ ላይ ስቀለው» ብላው ወደ ሥራዋ ሄደች። እግሩ ውስጥ ደም ረግቶ እንደነበረና ያ ደም ወደ ሳንባው እንደ ሄደ ሐኪሙ የነገራት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ያንን ጠዋት አታነሳም፤ ሰው ሲያነሳባትም ወሬ ትቀይራለች። አሁንም ዓይኗን ከሲፈን ባት ነቅላ ስልኩ ላይ አደረገች። ይቀዳል።

«እሺ» አለች። «ሌላስ?»

ሲፈን ቀሚሷን ወደ ታች መለሰች። «ሌላማ ባል ነው ያጣሁት። ለእሱ የሚሆን ኪኒን አላችሁ?»

ምንትዋብ ቅጂው ሲያልቅ ለብቻዋ ልትነግራት አስባ ነበር። ቢኒያም መቅጃውን ሲዘጋ የማዳም ሹፌር ከታች ክላክስ አደረገ፤ ሲፈንም «ያላ፣ ሹግል! ሥራ ጠራኝ!» እያለች፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ እያነከሰች ወረደች።

በማግስቱ ደወለችላት። ስልኩ ዝግ ነው። በሚቀጥለው ዕረፍቷ እነግራታለሁ አለች ለራሷ፤ ይህን ካለች በኋላ ቀለል አላት።

ቢኒያም በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ አፑን ሠራው። ሴቲቱ የሚያማትን በአማርኛ ትናገራለች፤ አፑ ለሐኪም የሚነገረውን በአረብኛ ያዘጋጅላታል፤ ሕመሟ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ አረንጓዴ፣ የማይሰጥ ከሆነ ቀይ ያሳያታል። የበሽታ ምልክቶቹን ያረመለት ከጴንጤ ወዳጆቹ አንዱ፣ ሐኪም ነው። ዳኞች ፊት በሚቀርቡበት ቀን ዋዜማ፣ ረቡዕ፣ ሲለማመዱ ለማሳያ የሲፈንን ድምፅ መረጠ፤ ጥርት ያለ፣ ሳቅ ያለበት ድምፅ ነው። ስለ እግሯ ተናግራ ሳትጨርስ ስክሪኑ ቀላ። ከሥሩ «ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ» የሚል ጽሑፍ መጣ።

«ጌታ ይባረክ፣ ሠራ!» ቢኒያም ከወንበሩ ዘለለ።

«ቢኒ፣ ነግረናታል?»

«ለማን?»

«ለሲፈን።»

እጆቹን እንደ ዘረጋ ቆመ። «ስልኳ ዝግ ነው አላልሽም? ከነገ ወዲያ አርብ ነው፤ መኪና ተውሼ ራሴ ሐኪም ቤት አደርሳታለሁ። ሁለት ሳምንት የቆየ እግር በአንድ ቀን ምን ይሆናል? ምንትዬ፣ ዛሬ አታስጨንቂኝ በናትሽ።»

ምንትዋብ ስልኳን አወጣች። የማዳሟ ቤት የት እንደሆነ ፅጌረዳን ልትጠይቅ ጻፈች፣ መልሳ አጠፋችው። ሰው በር ላይ ቆማ ምን ልትል ነው? ማዳሟ ከሰማች ልጅቷን ታባርራታለች፤ ሁሉም የሚፈሩት ይህንኑ አይደል? በመጨረሻ የላከችው «ሲፈን ደህና ናት?» የሚል ብቻ ነበር።

ፅጌረዳ በድምፅ መለሰችላት። «ደህና ናት መሰለኝ፤ አርብ ትመጣ የለ? ይልቅ ጉልበቴን መቼ ነው የምታዪልኝ?»

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። የሲፈን ድምፅ በትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ወጣ። ስለ ድመቷ ያለችው ከስክሪኑ ላይ ተተርጉሞ ሲነበብ ሰዎች ሳቁ። ግድግዳውን የሞላው ስክሪን ሲቀላ ደግሞ አጨበጨቡ። ከዳኞቹ አንዷ፣ ጀማሪ ድርጅቶች ላይ ገንዘብ የምታፈስ ሴት፣ እጇን አነሳች።

«ይቺ ልጅ አሁን በምን ሁኔታ ላይ ናት?»

«በሕክምና ላይ ናት» አለ ቢኒያም። በማግስቱ እንደሚወስዳት ስለሚያውቅ ውሸት አልመሰለውም።

ዳኛዋ ወደ ምንትዋብ ዞረች። ማይክራፎኑ ምንትዋብ እጅ ላይ ነበር። ወደ አፏ አላስጠጋችውም፤ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

አሸነፉ። ዶክተር ሳሊሕ እጇን በሁለት እጁ ይዞ «ሕመሙን አገኛችሁት» አላት።

አርብ ቢኒያም መኪና ተውሶ አጅማን አደረሳትና ከታች ሊጠብቅ ቀረ። ምንትዋብ ለሲፈን የምትለውን በልቧ እያሰናዳች ደረጃውን ወጣች። እንዳትፈራ፣ ማዳሟን ራሷ እንደምታነጋግርላት ልትነግራት ነው።

ቤቱ ውስጥ ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል፤ ነጠላ ያልነበራት ፎጣ ደርባለች። ሲፈን ስትመጣ የምታርፍበት አልጋ ላይ ጥቁር ሻንጣ ተቀምጧል።

«ማክሰኞ ነው» አለች ፅጌረዳ ሳትጠየቅ። «ልብስ ልታሰጣ ጣራው ላይ ወጣች፤ እዚያው ወድቃ ተገኘች። እኛ የሰማነው ትናንት ማታ ሹፌሩ ሻንጣዋን ሲያመጣ ነው። ኸላስ፣ በቃ። አስከሬኗን ኤጀንሲው ይልካል አሉ።»

ማክሰኞ። እንግዲያስ ረቡዕ ስክሪኑ ዛሬውኑ ሂጂ ሲላት ሬሳ ክፍል ነበረች። ምንትዋብ ጥፋቱን ልምምዱ ላይ ወይም ዳኞቹ ላይ የምትጥልበት መንገድ አልነበራትም። መነገር የነበረበት እዚሁ፣ ልጅቷ ቀሚሷን በሰበሰበችበት አልጋ ጫፍ ላይ ነበር።

«እናቷ ድምፅዋን አሰሙኝ እያሉ ነው» አለች ፅጌረዳ። «እኛ ስልክ ላይ የእሷ ድምፅ የለም። አንቺ ያን ቀን የቀዳሽው አለ አይደል?»

የለም፣ ጠፍቷል ማለት ትችል ነበር።

«አለ» አለች።

«አሰሚን።»

«እናቷ አማርኛ አይሰሙም እኮ» አለች እጇን በረኪና የበላት ሴት።

«ድምፅዋን ነው ያሉት። ቋንቋውን ወንድሟ ያስረዳቸዋል።»

ምንትዋብ ስልኩን አልጋው ላይ አድርጋ ከፈተችው። ድመቷ ጋ ሲደርስ አንዷ ሳቅ አመለጣትና አፏን በነጠላዋ ያዘች። እግሯ ጋ ሲደርስ ሁሉም ጎንበስ አሉ። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል አለች ሲፈን። ከዚያም የምንትዋብ ድምፅ፣ ረጋ ያለ፣ የተማረ ሰው ድምፅ፣ «እሺ። ሌላስ?» አለ። ለባል የሚሆን ኪኒን ስትጠይቅ የሳቀ አልነበረም።

ቅጂው አለቀ።

«እግሯን አይተሽዋል» አለች ፅጌረዳ።

«አይቻለሁ።»

«ምን እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

ነርስ አይደለሁም ልትል አፏን ከፈተች። «አውቅ ነበር» አለች። «ባሌ የሞተው በእሱ ነው።» በዚህ አገር ለማንም ብላው አታውቅም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንደ ማንኛውም ቃል ቀላል ነበር፤ የዚያን ዕለት ቢወጣም እንዲሁ ቀላል ይሆን ነበር።

ከላይኛው አልጋ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። የሚሰድባት እንኳ አልተገኘም።

«የእኔን ድምፅ አስቆርጬ ልላክላቸው» አለች ምንትዋብ። «ቢኒያም ይችልበታል። የእሷ ብቻ እንዲሰማ።»

«አትቁረጪው» አለች ፅጌረዳ። «እንዳለ ይሂድ። ከራስሽ ስልክ ላኪው። ሌላስ ሌላስ የምትለዋ ማን ናት ብለው ከጠየቁ፣ አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ።»

የወንድሟን ቁጥር አነበበችላት። ምንትዋብ ቁጥሩን መዘገበች፣ ላከች። ሴቶቹ ተራ በተራ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ፅጌረዳ ሻንጣውን ከአልጋው አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችና የተለቀቀውን ቦታ በዓይኗ አሳየቻት። ምንትዋብ ተቀመጠች።

ጥቂት ቆይቶ ዋትሳፕ ላይ የቅጂው ምልክት ሰማያዊ ሆነ፤ ጅማ ውስጥ ከፍተው እየሰሙት ነው። ቢኒያም ከታች ደወለ። አላነሳችም። ደግሞ ደወለ፤ ዘጋችበት። ከጅማ ቢደውሉ መስመሩ መያዝ የለበትም።