ወንበር የምታህል ሣር

«ይሄ ሻይ ጦስኝ አለበት» አለ ኑርሁሴን፣ ብርጭቆውን ከአፉ ሳያርቅ።

«አለበት እንጂ! ሴቶቹ ጨምረውበት ነው» አለ አጠገቡ የተቀመጠው ጎረቤቱ ደምለው፣ ደረቱን ነፍቶ። «እናንተ ቀብር ስትሄዱ እኔና የዕድሩ ልጆች ድንኳኑን ተከልን። ከዚያ ግቢውን አጸዳንልህ። ያን አረም አንድ ሳላስቀር ነቅዬልሃለሁ። ሣርህን ግን አልነካሁም፣ አብሽር!»

ኑርሁሴን ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሳ። ሚስቱን ሱዓድን ቀብሮ መመለሱ ነው፤ የመቃብሩ አፈር ከጫማው ላይ ገና አልረገፈም። ከድንኳኑ ወጥቶ ወደ ግቢው ሲገባ ምድሩ ተራቁቷል። ከበሩ እስከ ወጥ ቤቱ ድረስ መሬቱን አልብሶት የነበረው ጦስኝ የለም። መሃል ላይ አንድ ወንበር የምታህል ሣር ብቻዋን ቀርታለች። የተነቀለው ሁሉ አጥሩ ጥግ ተከምሮ ፀሐይ ይመታዋል።

«ምን አደረግህ አንተ ሰውዬ?»

«ምን አደረግሁ?» ተከትሎት የገባው ደምለው ግራ ገባው። «‹ይሄን አረም የሚነቅልልኝ ወንድ ጠፋ› ስትል የከረምከው አንተ አይደለህም እንዴ? ዕድርተኛው ሁሉ ይመስክር!»

እውነቱን ነው፤ ብሏል። በየስብሰባው ብሏል።

ኑርሁሴን ጡረታ እስኪወጣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሲሠራ፣ በእረፍት ቀኑ የሠራተኞቹን ኳስ ይዳኝ ነበር። ጠቅልሎ ደሴ ሲገባ ይዞት የመጣው ፊሽካውንና የሣር ፍቅሩን ነው። ግቢውን ሙሉ ሣር አለበሰው። ሣሩ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ አይጣል ነው! ሰፈራቸው ቧንቧ ውሃ ይባል እንጂ ውሃው የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ጀሪካኑን የምትሸከመው ደግሞ ሱዓድ ነበረች። ሣሩን የረገጠ ሁሉ ፊሽካ ይነፋበታል፣ ሚስቱም ብትሆን።

«አይረገጥ፣ አይነካ፣ ውሃዬን ይጨርስ!» አለችው አንድ ቀን። «ይሄ ሣር ነው ወይስ አማቴ?»

በማግስቱ ከጦሳ ተራራ አንድ እቅፍ ጦስኝ ከነሥሩ ይዛ መጣችና ጥግ ላይ ተከለችው። ከዚያ ወዲያ አንድ ስንዝር ሣር ትነቅላለች፣ አንድ ስንዝር ጦስኝ ትተክላለች። እሱ ፊሽካውን ሲነፋ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «አልነካሁትም ዳኛ!» ትለዋለች። ጎረቤት በሳቅ ይፈርሳል። ጦስኙም ለሶላት ሲታጠቡ የሚፈሰውን የውዱእ ውሃ ብቻ እየጠጣ ግቢውን ሸፈነው፤ ቢረግጡት ሽታው ያውዳል እንጂ አይሞትም። እሱ አመሻሽ ላይ ወንበሩን የሚያስቀምጥባትን ሣር ግን አልነካችበትም።

«ይቺ ያንተ ናት። እስክትለምነኝ እጠብቃለሁ» አለችው።

አልለመናትም። ወላሂ ጦስኙን ወዶት ነበር፤ ግን ተሸነፍኩ ብሎ ለማን ይናገር?

«አባቢ» አለች ልጁ ፋጡማ ከወጥ ቤት ወጥታ፣ ከክምሩ አንዱን አንስታ እየዳበሰች። «ሥሩ እርጥብ ነው። እስከ ማታ ከቆየ ግን አለቀለት።»

ኑርሁሴን በሩ ላይ ከተሰቀለበት ፊሽካውን አውርዶ ነፋው። ድንኳን ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አየው። በለቅሶ ቤት ፊሽካ ማን ሰምቶ ያውቃል?

«መልሱልኝ!» አለ። «ሱዓድን ዛሬ ቀብሬያታለሁ። የእጇን ሥራ ደግሜ አልቀብርም!»

መጀመሪያ የተነሱት ዱዓ ያደርጉ የነበሩት ሽማግሌ ሼህ ጀላል ናቸው። «ተነሱ እንጂ! እየተከላችሁም ዱዓ ይደረጋል። ለእሷም ሶደቃ ነው።»

ሱፍ የለበሰው ሱሪውን ጠቀለለ። ደምለው በድንኳኑ ካስማ ጉድጓድ ይቆፍር ጀመር። ላብና ሀፍረት አንድ ላይ ይወርዱታል። ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣው እንግዳ «አላህ ያጥናህ» ሲል፣ ኑርሁሴን «አሚን፣ በል ይቺን ይዘህ እዚያ ጥግ» እያለ አንዳንድ ሥር ያስይዘዋል። ሴቶቹም ወጥ ቤት ያስገቡትን ይዘው ወጡ።

«የፈላውንስ ምን እናድርገው?» አለች አንዷ።

«የፈላውንማ ጠጡት!»

ሰው ሁሉ አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ። ኑርሁሴንም ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባው መጣ፣ አልደበቀውም።

ድንኳኑ በሚነሳበት ቀን ጦስኙ ጥቂቱ ቢጠወልግም አብዛኛው ቀና ብሎ ነበር። ደምለው ሸራውን ሲጠቀልል እጥፋቱ ውስጥ አንዲት ሥር አገኘ። ግቢውን ዞሮ ቢፈልግ ቦታ ጠፋ። ወንበሩ ያለባትን ሣር ሁሉም ያያታል፤ የሚናገር ግን የለም።

«ይቺንማ ሻይ እናድርጋት» አለ ደምለው።

«አምጣት» አለው ኑርሁሴን። ወንበሩን አንስቶ ግድግዳው ስር አስጠጋ። ተንበረከከና ሣሯን በእጁ እየጨበጠ ነቀላት፤ ጦስኟንም በቦታዋ ተከለ።

«እሺ ሱዓድ» አለ። «ለመንኩሽ።»

የመግሪብ አዛን ሲሰማ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ጦስኟ አጠገብ ቁጢጥ አለ። እጁን ታጠበ፣ ተጉመጠመጠ። ፊቱን ግን ከወትሮው አብዝቶ አጠበ፤ ውሃው ሁሉ ጦስኟ ላይ ወረደ።