ሽቶ ለለቅሶ

ሦስቱ ሰዎች ከመግባታቸው በፊት ሽቷቸው ገባ። አማትየዋ ሁለቴ አስነጠሱ።

«ለቅሶ ነው ሰርግ የመጡት?» አሉ፣ ወደ ምራታቸው ጆሮ ጠጋ ብለው።

ምራትየዋ ወደ በሩ ዞረች። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ «ያጥናሽ» ላላት ሁሉ «አሜን» ስትል ምላሷ ዝሏል፣ ወገቧ ተቆርጧል። ሰዎቹን ግን እንዳየቻቸው አወቀቻቸው። የአባቷ ባልደረቦች ናቸው፤ የከተማው መጸዳጃ ቤት ሁሉ ከሚወርድበት ከፍሳሽ ማጣሪያው የመጡ። ያን ያህል ባዶ ወንበር እያለ በሩ ሥር ተደርድረው ተቀመጡ። ለባሏ ቤተሰብ የነገረችው ሌላ ነበር፤ «አባቴ የውሃ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው» ብላ ከተዳረች አራት ዓመቷ ነው።

ትንሽ ሳለች አባቷ ከሥራ ሲመለስ ደጅ ባለው ቧንቧ እስከ ክርኑ ይታጠብና ሁለት እጁን አፍንጫዋ ሥር ይዘረጋላት ነበር። «ዳኛዬ፣ ፍረጂ!» አሽትታ «ንጹህ ነው!» ካላለች አያቅፋትም። የማጣሪያውን ወንፊት የደፈነ ጨርቅና ፕላስቲክ በመንጠቆ ሲጎትት በዋለበት ቀንም ታጥቦ ይዘረጋል። ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ የክፍል ጓደኞቿ አፍንጫቸውን ያዙባት። የዚያን ዕለት እጁን ሲዘረጋላት ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲህ አልዘረጋም።

«እናንተስ ከወዴት ናችሁ?» አማትየዋ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁ።

«ከውሃ ነን፣ እትዬ» አለ ሽማግሌው የፈረቃ አለቃ። ሁለቱ ጓደኞቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሻይ ልትሰጠው ጎንበስ ስትል አለቃው በሹክሹክታ፣ «አይዞሽ ልጄ» አላት። «አባትሽ አስጠንቅቆናል። በሰርግሽ ቀን አማትሽ ‹ኃላፊው› ሲሉት ሰምቶ፣ በማግስቱ ‹ልጄ ቤት ከሄዳችሁ ከውሃ ነን በሉ፤ ደህና አድርጋችሁም ታጠቡ› አለን። ሽቶው በዛ እንዴ?»

ያውቅ ነበር። ሊጠይቃት ሲመጣ ከበሩ ሥር አልነሣም የሚለው፣ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ የሚሰናበታት፣ ለካ ለዚህ ነው። እሷ ደግሞ ቸኩሎ ነው እያለች ደስ ይላት ነበር። አሁን ያ ደስታዋ አንገበገባት።

ትሪውን አስቀመጠች። «እማማ፣ ከፍሳሽ ማጣሪያው ናቸው። አባቴም ሠላሳ ዓመት እዚያው ነው የሠራው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

አማትየዋ ወደ ሦስቱ ሰዎች ዞሩ።

«አዬ ልጄ፣ ያን ሁሉ ሽቶ በከንቱ አፈሰስነው» አለ አለቃው። ትንሽ ቆይቶ ሊሰናበታት ተነሣ፤ እጆቹን ግን ወደ ኋላው አድርጎ ነበር።

ሁለቱንም ስባ አወጣቻቸው። መዳፉን ዘርግታ አፍንጫዋ ሥር አደረገችው።

«ንጹህ ነው» አለች፤ ፊቷንም ከመዳፉ ላይ አላነሣችም።