የስፌት መኪናው ኳኳታ

ልብስ ሰፊዋን ባሏ ጥሏት የሄደው «የስፌት መኪናሽ ኳኳታ እንቅልፍ ነሳኝ» ብሎ ነው። ዘመድ ሁሉ አመነው፤ «ባሏን በጩኸት አባረረችው» ተባለ።

ዓመት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ልጃቸው መጥታ ስልኳን መኪናው አጠገብ አስቀመጠች።

«እማዬ፣ አባዬን እንቅልፍ እምቢ ብሎታል። ሐኪሙ የሚያረጋጋ ድምፅ ከፍተህ ተኛ አለው። የዝናብም የወንዝም ድምፅ ከፈትንለት፤ ወይ ፍንክች! ያንቺን መኪና ድምፅ ቅጂልኝ ብሎ ላከኝ።»

«የትኛውን? እንቅልፍ የነሳውን?»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። «ሃያ ዓመት እሱን እየሰማሁ ነው የተኛሁት ይላል።»

የእናትየው እግር የመኪናው መርገጫ ላይ ቀጥ አለ። «እሺ፣ እሰፋለታለሁ። መጀመሪያ ግን ይህንኑ ለዘመዶቹ ይንገራቸው።»

«ኧረ እማዬ! አዲሷ ሚስቱ ብትሰማስ? ሰውስ ምን ይላል?»

«እኔን ያለውን ነዋ።»

«ለኔ ስትይ እንኳ! እንዴት እንደከሳ ብታዪው እኮ...»

እናትየው የጀመረችውን ቀሚስ ከመኪናው ላይ አውጥታ፣ መርፌ አነሳችና ጠርዙን በእጇ ትዘመዝም ጀመር። ልጅቷ ስልኳን ይዛ እስክትወጣ ድረስ ክፍሉ ውስጥ አንዲት ኮሽታ አልተሰማም።